የተናጋሪው ስም የት ገባ? በድረ ገጾቻችን ፍለጋ ውስጥ ስለ ደራሲ መረጃ የቀረበ ሒስ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው፤ ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

መግቢያ

በደብረ ብርሃን የሚገኝ አንድ መድረሳ ኹጥባዎችን፣ የተቀዱ ደርሶችንና ከአንኮበር በታች ካሉት የቆላ መንደሮች የተሰበሰቡ የእጅ ጽሑፍ ኪታቦችን ፎቶግራፍ በድረ ገጹ ላይ ያኖራል። የድረ ገጹን ፍለጋ እንድናስተካክል በተጠየቅን ጊዜ ያጋጠመን ነገር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኗል። በአልዩ አምባ አካባቢ የሚያስተምሩ አንድ ኢማም የአያታቸውን መምህር ቀሲዳ ሽተው የደራሲውን ስም በፍለጋው ሣጥን ውስጥ ቢጽፉ ምንም አላገኙም። «መውሊድ» ብለው ሲጽፉ ግን ብዙ ገጽ ተዘረገፈላቸው፤ ቀሲዳውም በመካከሉ ነበር። ኪታቡ አለ፤ ርእሱም አለ፤ ባለቤቱ ግን የለም።

እኛም ጉዳዩ ቀላል መስሎን ፍለጋው የደራሲን ስም እንዲጨምር የሚያደርገውን ምርጫ አበራነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እኚሁ ኢማም ደወሉልን። «ኡስታዝ፣ አሁንስ የባሰ መጣ» አሉ። «በቀሲዳው ላይ የተጻፈው ስም የማን ይመስልዎታል? እኔ ዘንድ አሊፍ የቆጠረ ልጅ ነው። ባለፈው ጁሙዓ አንዱ ኸጢብ ከቀሲዳው ሁለት ቤት ከሚንበር ላይ ሲያነብ፣ ደራሲው ብሎ የጠራው ይህንኑ ልጅ ነው።» ልጁ አንዳች አላጠፋም፤ ፎቶግራፎቹን ወደ ድረ ገጹ የጫነው እርሱ ስለነበር ብቻ ስሙ እዚያ ተገኘ። ስሕተቱ የእኛ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ስሕተት እንዴት እንደ ተፈጠረ ማሳየት፣ የዑለማዎቻችንን ሥራ የዘረዘሩ ታላላቅ ካታሎጎችንም በዚሁ ሚዛን መመዘን፣ በመጨረሻም መድረሳዎቻችን ሊያደርጉት የሚችሉትን መጠቆም ነው። የምንሟገትለት ነጥብ አንድ ነው፦ ንግግርን ወደ ተናጋሪው ማስጠጋት አማና ነው፤ ይህን አማና ለመሣሪያ ጥለን እኛ ልናርፍ አይገባንም።

ፍለጋው የሚያየውና የማያየው

ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩት ዎርድፕረስ በተባለው ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ጽሑፎችን በሰንጠረዥ ያስቀምጣል፤ ለርእሱ አንድ ዐምድ፣ ለአጭር መግለጫው አንድ ዐምድ፣ ለጽሑፉ አካል አንድ ዐምድ አለው። አብሮት የሚመጣው ፍለጋ የሚያነበው እነዚህን ሦስቱን ነው። «ደራሲ» የሚል ሌላ ዐምድም አለ፤ በውስጡ ያለው ግን ስም ሳይሆን ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚያመለክተው በሌላ ሰንጠረዥ የተመዘገበን ሰው፣ ይኸውም የይለፍ ቃል ተሰጥቶት ጽሑፉን ያስገባውን ሰው ነው። ስለዚህ የኪታብ ፎቶግራፍ ብቻ የያዘ ገጽ፣ የደራሲው ስም በርእሱ ወይም በመግለጫው ላይ ካልተጻፈ፣ በደራሲው ስም ፈጽሞ ሊገኝ አይችልም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት በድረ ገጹ ላይ የሚሰኩ ተጨማሪ መሣሪያዎች አሉ፤ ፕለጊን ይባላሉ። ከታወቁት አንዱ ሬለቫንሲ ነው። የራሱን የፍለጋ ማውጫ ይሠራል፤ በማውጫው ውስጥ የደራሲ ስም እንዲገባ የሚፈቅድ ምርጫም አለው። እኛ ያበራነው ይህንኑ ነበር። መሣሪያው የታዘዘውን በትክክል ፈጸመ፤ «ደራሲ» ብሎ የሚያውቀው ጫኙን ነውና የጫኙን ስም አስገባ። በጋዜጣ ድረ ገጽ ላይ ጽሑፉን የሚጽፈውና የሚያስገባው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ስለሆነ ይህ ችግር አይፈጥርም። የመድረሳ ኪታብ ቤት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ደራሲው ወደ አኺራ ከሄደ ዘመናት አልፈዋል፤ ጫኙ የዛሬ ደረሳ ነው።

መፍትሔውም ከዚያው ከመሣሪያው ውስጥ ይገኛል። ዎርድፕረስ የድረ ገጹ ባለቤት እንደ ፍላጎቱ የሚሰይማቸውን ተጨማሪ ዐምዶች ይፈቅዳል፤ ሬለቫንሲም እነዚህን ዐምዶች በማውጫው እንዲያካትት ሊታዘዝ ይችላል። እኛም የጫኙን ስም ከፍለጋው አስወጥተን «ሙአሊፍ» የሚል ዐምድ ከፈትን። የኮምፒዩተሩ ሥራ እዚህ ላይ አበቃ፤ የዒልሙ ሥራ ጀመረ። በዐምዱ ውስጥ የምንጽፈው የማንን ስም ነው? በምን ማስረጃ? በየትኛውስ አጻጻፍ?

የቀደሙት ያወረሱን ሚዛን

ጥያቄው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኢማሙ አሕመድ ኢብን ሐንበል (በ241 ሂ. ያለፉት) ሙስነዳቸውን ያዋቀሩት በሶሓቦች ስም ነው፤ ኢማሙ ቡኻሪ (በ256 ሂ. ያለፉት) ሶሒሓቸውን ያዋቀሩት በርእሰ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው «ማን አስተላለፈው?» ለሚል፣ ሁለተኛው «ስለ ምን?» ለሚል ጠያቂ መልስ ይሰጣል። በኪታብ ዝርዝርም እንዲሁ ነው። ሐጂ ኸሊፋ (በ1067 ሂ. ያለፉት) ከሽፉ ዙኑን የተባለውን ሥራቸውን በኪታብ ርእስ ፊደል ተራ ደረደሩት፤ ከእርሳቸው ከረጅም ጊዜ በኋላ የመጡት ኢስማዒል ባሻ አል-ባግዳዲ ሀዲየቱል ዓሪፊንን በደራሲዎች ስም አዋቀሩት። ሁለቱ ዛሬም በየኪታብ ቤቱ ጎን ለጎን የሚቀመጡት አንዱ የሌላውን ቦታ ስለማይሸፍን ነው። ደራሲን የማያይ የድረ ገጽ ፍለጋ ያለው ሰው ከሽፉን ይዞ ሀዲያውን ያጣ ሰው ነው።

ከአደረጃጀቱም ይልቅ የሚጠቅመን ሙሐዲሶች ስለ ስም ያዳበሩት ዕውቀት ነው። ዳረቁጥኒ (በ385 ሂ. ያለፉት) በጽሕፈት ተመሳስለው በንባብ ስለሚለያዩ ስሞች አል-ሙእተሊፍ ወል-ሙኽተሊፍን ጻፉ። ኸጢብ አል-ባግዳዲ (በ463 ሂ. ያለፉት) ደግሞ በስም አንድ ሆነው በሰውነት ስለሚለያዩ አስተላላፊዎች አል-ሙተፊቅ ወል-ሙፍተሪቅን ጻፉ። ሙዲሕ በተባለው ሌላ ሥራቸውም አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ የመቁጠርንና ሁለቱን ሰዎች አንድ አድርጎ የማጣመርን ስሕተት አረሙ። ዛሬ የካታሎግ ባለሙያዎች ለአንድ ደራሲ አንድ ቋሚ መለያ ሰጥተው የስሙን መልኮች ሁሉ ከሥሩ ይሰበስባሉ፤ ስመ ሞክሼዎቹንም ይለያሉ። የዚህ ሥራ ሥሩ በኸጢብ መጻሕፍት ውስጥ አለ። የድረ ገጽ ሠራተኛ ይህን ከእኛ ሊማር ሲገባው እኛ ከእርሱ ምርጫ ጠባቂዎች ሆነናል።

ለአገራችን ቅርብ የሆነ ምሳሌ እንጥቀስ። ዘይላዕ የኢፋት ንግድ ወደ ባሕር የሚወጣበት ወደብ ነበረች። ወደ እርሷ የሚጠጉ ሁለት ታላላቅ የሐነፊ ዑለማእ አሉ። ፈኽሩዲን ዑስማን ኢብን ዐሊ አዝ-ዘይለዒ በ743 ሂ. አለፉ፤ ሥራቸው ተብዪኑል ሐቃኢቅ ነው። ጀማሉዲን ዐብዱላህ ኢብን ዩሱፍ አዝ-ዘይለዒ በ762 ሂ. አለፉ፤ ሥራቸው ነስቡር ራያ ነው። በዘመን ይቀራረባሉ፤ በመዝሀብ አንድ ናቸው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ተምረዋል። በደራሲው ዐምድ «ዘይለዒ» ብቻ ብሎ የጻፈ መዝጋቢ ተማሪን ከመምህሩ ጋር አዋሕዷል። የግብጹ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱራሕማን አል-ጀበርቲም እንዲሁ ኒስባቸው ከዚህ አካባቢ ከነበረው ከጀበርት ምድር የመጣ ነው፤ «ኢፋት» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ ግን ዝምድናው በመዝገቡ ካልተጻፈለት አያገኛቸውም። ኒስባ መረጃ የሚሆነው ከነትርጉሙ ሲመዘገብ ነው።

ከሸዋና ከኢፋት ታሪክ ሁለት ፈተናዎች

በሙአሊፍ ዐምድ የሚገባውን ስም መምረጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሁለት የታወቁ ሥራዎች ያሳዩናል። የመጀመሪያው ኤንሪኮ ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1941 ያሳተመው የሸዋ ሱልጣኖች አጭር የዐረብኛ ዜና መዋዕል ነው። የመኽዙሚዎችን ፍጻሜና የኢፋት ወላስማዎችን መነሣት የምናውቀው በአብዛኛው ከዚህ ጽሑፍ ነው። የደራሲው ስም አልታወቀም። በሙአሊፍ ዐምድ ምን እንጻፍ? ባዶ ብንተወው ፍለጋው ከመረሳት አይለየውም። የቼሩሊን ስም ብናስገባ አሳታሚውን ደራሲ አደረግነው፤ ይህም በልጁ ላይ ከሠራነው ስሕተት አይለይም። ትክክለኛው መልስ «መጅሁል፣ አልታወቀም» ብሎ በግልጽ መጻፍና ቼሩሊን «አሳታሚ» በሚል ሌላ ዐምድ ማኖር ነው። አለማወቅን መመዝገብ ራሱ ዕውቀት ነው፤ ሙሐዲሶች መጅሁል የሚለውን ቃል ያቆዩት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ፉቱሑል ሐበሻ ነው። ደራሲው ሺሃቡዲን አሕመድ ኢብን ዐብዱልቃዲር ሲሆኑ በይበልጥ የሚታወቁት ዐረብ ፈቂህ በሚለው ስም ነው። በአንዱ ዝርዝር በለቀባቸው፣ በሌላው በስማቸው፣ በሦስተኛው በመጠሪያቸው ይገኛሉ፤ ሦስቱን የማያገናኝ ፍለጋ አንዱን ሦስት ያደርገዋል። ይህ ብቻ አይደለም። የኪታቡ ባለ ታሪክ ኢማሙ አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ናቸው፤ ደራሲውም አሕመድ ናቸው። «አሕመድ» የሚለውን ቃል የሚፈልግ ማውጫ ቃሉ በመጽሐፉ አካል ይሁን በደራሲው ስም ለይቶ ካላወቀ፣ ስለ ኢማሙ የተጻፈውን ሁሉ ከደራሲው ሥራ ጋር ይደባልቀዋል። ደራሲው የራሱ ዐምድና በፍለጋው ውስጥ የራሱ ክብደት ያስፈልገዋል የምንለው ለዚህ ነው።

በእጅ ጽሑፎቻችን ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በኪታብ መጨረሻ የምናነበው ስም ብዙ ጊዜ የገልባጩ፣ በመጀመሪያው ቅጠል ላይ ያለው ደግሞ የባለንብረቱ ነው። መትኑ የአንድ ሰው፣ ሸርሑ የሌላ፣ በኅዳጉ ያለው ሓሺያ የሦስተኛ ሰው ሊሆን ይችላል። ከላይ የጠቀስነው ተብዪኑል ሐቃኢቅ ራሱ የነሰፊ ከንዝ ሸርሕ ነው። በመንዙማና በቀሲዳ ላይ ደግሞ ገጣሚው ብዙ ጊዜ በመጨረሻዎቹ ቤቶች ስሙን ጠርቶ ዱዓእ ይለምናል፤ ይህ ታላቅ ማስረጃ ነው፤ ሆኖም «ሙሐመድ» ወይም «ዐብዱላህ» ብቻ ሲል የትኛው እንደሆነ አይነግረንም። አራቱን፣ ማለትም ደራሲን፣ ሻሪሕን፣ ገልባጭንና ባለንብረትን በአንድ ዐምድ የሚጨፈልቅ መዝገብ ከነጭራሹ ካልተመዘገበው የከፋ ነው፤ ያልተመዘገበው ይፈለጋል፤ በስሕተት የተመዘገበው ግን ይታመናል።

ታላላቆቹ ካታሎጎች

ይህን ሥራ ከእኛ በፊት የጀመሩ አሉ፤ ድካማቸውን ማመስገን ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው፣ በኦፋሂ መሪነት የተዘጋጀውና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ የተሳተፉበት የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ሙስሊሞች የጽሑፍ ዝርዝር፣ ሥራዎችን በደራሲዎቻቸው ሥር ያቀርባል። በአሌሳንድሮ ጎሪ መሪነት እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ዝርዝር በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሉትን የዐረብኛ ጽሑፎች ያስተዋውቃል። እኚሁ ምሁር በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የመሩት የአፍሪካ ቀንድ እስላማዊ ሥነ ጽሑፍ ጥናትም ጥራዙንና በጥራዙ ውስጥ ያለውን ድርሰት ለየብቻ የሚመዘግብ ዳታቤዝ አቋቁሟል። አንድ ጥራዝ አሥር ድርሰት በሚይዝበት አገር ይህ መለየት ትልቅ ነገር ነው፤ እኛ በደብረ ብርሃን አንዱን ጥራዝ በአንድ ርእስና በአንድ ስም መዝግበን ነበርና ትምህርት ወስደንበታል።

ሒሳችን ግን ይህ ነው። ሦስቱም የተዘጋጁት በእንግሊዝኛ ሲሆን ስሞቹ በአብዛኛው የተጻፉት በላቲን ፊደል፣ ነጥብና ሰረዝ በበዛበት አጻጻፍ ነው። የአንኮበር ኢማም የሸይኹን ስም የሚያውቀው በዐረብኛ ፊደል ወይም በአማርኛ ነው፤ ከዚያም በላይ የሚያውቀው በመንደሩ አጠራር ነው። የወሎው ሙሐመድ ሻፊ በሕዝቡ ዘንድ የሚታወቁት በመቀመጫቸው፣ የጀማ ንጉሡ ሸይኽ ተብለው ነው። ሊቃውንቱ ስሙን ሲያስተካክሉ ሕዝቡ የሚጠራበት በር እንዳይዘጋ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ነቀፋ የኢትዮጵያን ስም እንደ አውሮፓ ስም የመገልበጥ ልማድ ነው። እኚሁ ፕሮፌሰር ሑሴን በአንዱ የምንጭ ዝርዝር «ሑሴን አሕመድ»፣ በሌላው «አሕመድ፣ ሑሴን» ተብለው ይገኛሉ። አሕመድ የአባታቸው ስም ነው፤ ልጅን በአባቱ ስም ሥር መመዝገብ በእኛ ሥርዓት ሌላ ሰው መፍጠር ነው። የመድረሳ ድረ ገጾች ይህን ልማድ ከሶፍትዌሩ ጋር እንዳይወርሱ እንጠነቀቅ።

ስምና ፊደል

በራሳችን ፊደል ስንጽፍም ችግሩ አያበቃም። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሀመድ፣ ሙሃመድ፤ ሸይኽ፣ ሼኽ፣ ሼህ፣ ሼክ። ለአንባቢ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሀ፣ ሐና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ አንዱን የጻፈ ሌላውን አያገኝም። ከዑለማዎቻችን አንዳንዶቹ የዐረብኛውን ድምፅ ለመጠበቅ ሐን፣ ኸንና ሀን ለይተው መጻፋቸው የሚመሰገን ነው፤ ይህን ጥንቃቄ ጠያቂው ሁሉ እንዲያውቅ መጠበቅ ግን ኪታቡን መቆለፍ ነው። ስለዚህ በገጹ ላይ ትክክለኛው አጻጻፍ ይታይ፤ በፍለጋው ማውጫ ውስጥ ግን ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ ይመለሱ። ሬለቫንሲ ጽሑፉ ወደ ማውጫው ከመግባቱ በፊት ቃል እንዲታከልበት ይፈቅዳል፤ ተመሳሳይ ቃላትንም ማስተሳሰር ይችላል፤ ስለዚህ ይህ ለሠለጠነ ሰው አስቸጋሪ ሥራ አይደለም።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ ብዙ አድክሞናል። መሣሪያው በመነሻ ቅንብሩ ከሦስት ፊደል ያነሰ ቃልን አይመዘግብም። ይህ በላቲን ፊደል ለሚጽፍ ሕዝብ መስተዋድዶችን መጣል ነው፤ በእኛ ፊደል ግን «ዐሊ»ን፣ «ኑር»ን፣ «ሐጂ»ንና «ሼህ»ን መጣል ነው። ዐሊ የተባሉ ደራሲ ሁሉ ከፍለጋው ጠፍተው የቆዩት በዚህ ምክንያት ነበር። ቁጥሩን ወደ ሁለት ዝቅ አድርጎ ማውጫውን እንደገና ማሠራት በቂ ነው። ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ ለሌላ ቋንቋ የተሰፋን ልብስ ሳያስተካክል የለበሰ ሰው ጥፋት ነው።

ስለ ተቃውሞ

አንድ ወንድማችን ይህን ሐሳብ ስናቀርብ ብዙዎቹ ዑለማእ ስማቸውን ያልጻፉት ለኢኽላስ ብለው ነው፤ እኛ ስማቸውን አደባባይ ማውጣታችን ለምንድን ነው ሲል ጠይቆናል። ጥያቄው ክብር ይገባዋል። ስሙን የደበቀን ሰው ስም በግምት መፈልሰፍ ተገቢ እንዳልሆነ እንስማማለን፤ መጅሁል የሚለው መዝገብም ለዚህ ያገለግላል። ነገር ግን ሸይኹ ስሙን ሲደብቅ በዙሪያው የሚያውቁት ደረሶች ነበሩ፤ ኪታቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ምስክር ነበረው። በድረ ገጽ ላይ ያ ምስክር የለም። ባለቤት የሌለው ኹጥባ ከባለ ሰነዱ ጎን ይቆማል፤ ጠያቂው ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም፤ ስሕተት ቢገኝ የሚያርመው አይታወቅም። ስምን መጻፍ ማሞገስ ሳይሆን ተጠያቂን ማሳወቅ ነው።

ማጠቃለያ

ለመድረሳዎቻችን የምናቀርበው ምክር ጥቂት ነው። የጫኙ ስም ከፍለጋው ይውጣ፤ ድካሙም «የጫነው» በሚል የራሱ ዐምድ ይመዝገብለት። ለደራሲ፣ ለሻሪሕ፣ ለገልባጭና ለባለንብረት የተለያየ ዐምድ ይኑር። የአንድ ሰው ስም መልኮች ሁሉ በአማርኛ፣ በዐረብኛና በሕዝቡ አጠራር ከአንድ መለያ ሥር ይሰብሰቡ። ከስሙ ጎን የማስረጃው ዓይነት ይጻፍ፦ ከኪታቡ የተነበበ፣ ከመምህር የተሰማ ወይም በግምት የተባለ። የቴክኒኩን ክፍል የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተማሪዎች ሊረዱን ይችላሉ፤ በዐምዱ የሚገባውን ግን ከመምህራንና ከኢማሞች በቀር ማንም ሊሞላው አይችልም። የሚያውቁት አረጋውያን ሳያልፉ መሞላት አለበት።

ወደ አልዩ አምባው ኢማም ቀሲዳ እንመለስ። የመጨረሻዎቹን ቤቶች አብረን አነበብን፤ ገጣሚው ራሱን «ሙሐመድ» ብሎ ይጠራል፤ የአባቱን ስም አይጨምርም። ይህ ሙሐመድ የአያታቸው መምህር መሆኑን ኢማሙ ከአባታቸው ሰምተዋል፤ በጽሑፍ የተገኘ ሌላ ማስረጃ የለም። በመዝገቡም ይህንኑ ጻፍን፦ ስሙ ከቀሲዳው የተነበበ፤ ማንነቱ በኢማሙ ምስክርነት፣ ከአባታቸው የተሰማ። የልጁም ስም በጫኝነቱ ተመዘገበ። ኢማሙ የመምህሩን ስም ጽፈው ሲፈልጉ ቀሲዳው ወጣላቸው፤ ከሥሩ የራሳቸውን ምስክርነት አነበቡ። «አሁን ሰነድ አለው» አሉን። ነገ ሌላ ቅጂ ተገኝቶ ምስክርነቱን ቢያጸናው ወይም ቢያፈርሰው፣ የሚመረምር ሰው ከየት እንደሚነሣ ያውቃል። ከአንድ ፍለጋ ከዚህ የበለጠ አንጠይቅም፤ ከዚህ ያነሰ ግን ልንቀበል አይገባም። ትክክለኛውን አዋቂ አላህ ነው።